የግራው ፔዳል

መካነ ሰላም ልንገባ ትንሽ ሲቀረን የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ከከተማው መግቢያ እስካለው ጎሚስታ ቤት አንገዳግዶ አደረሰንና ሁላችንንም አወረደን። ጎሚስታው ልጅ የጎማውን ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ሲፈልግ እኔ ጥላ ፍለጋ ወደ ቤቱ ጠጋ አልኩ። ያኔ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቤቱ ድሮ የጋሽ ደምሴ ጎሚስታ ቤት የነበረው መሆኑን ያወቅሁት ከሽታው ነው፤ ግድግዳው ተለውጧል፣ ቆርቆሮው ተለውጧል።

ከደሴ ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን ያለ ማዳመጫ ከፍቶ አንድ ሰውየ ሲያስደምጠን ነው የመጣው። ሰባኪ ይሁን አሰልጣኝ አልለየሁትም። እምነት ማለት ሳይክል መንዳት ነው ይላል፤ ፔዳል መምታት ያቆመ ይወድቃል፣ የሚነዳ ግን አይወድቅም። ጎረምሳው ራሱን በስምምነት ይነቀንቃል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዝም ያልኩት መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። አያቴ ሸህ ሙሄ ሳይክል ነበራቸው። ስለ ሳይክልም ሆነ ስለ እምነት የማውቀው ካለ ከሳቸው የተማርኩት ነው፤ ከሰውየው ወሬ ጋር ግን አይገጥምም።

አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። አያቴ ጧት ጧት ቤታችን በረንዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያቀሩ ነበር። ማክሰኞና ቅዳሜ ደግሞ ዋንዛ በር የሚባል መንደር ድረስ ወርደው የዚያን አገር ልጆች ያቀራሉ። መንገዱ ለደህና እግረኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እሳቸው የሚሄዱት ዳማ በምትባል በቅሏቸው ነበር። ዳማ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ስለዚህ አያቴ ከተማውን እንደወጡ ልጓሙን ላላ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ነው የሚደርሱት። ሃያ ዓመት ሙሉ መንገዱን አይተውት አያውቁም እያለች እናቴ ትቀልድባቸው ነበር።

ነሐሴ ላይ ዳማ ሆዷን ታማ በሁለት ቀን ሞተች። የአያቴ ቀኝ ጉልበት ደግሞ ካበጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በምርኩዝ መስጊድ ደርሰው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ እንጂ ወዲያው ወደ ቤት አይገቡም። ዋንዛ በር የማይታሰብ ሆነ።

መስከረም ሲጠባ የዋንዛ በር ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። በክብር ነው የተናገሩት፤ ሸህ ደክመዋል፣ አላህ ይመስክር ለፍተዋል፣ ይረፉ፣ ለልጆቹ ዱዓ ያድርጉልንና ሌላ ሰው እናፈላልግ አሉ። ሌላ ሰው እንደሌለ ግን ሁሉም ያውቃል። አስተማሪ እስኪገኝ ልጆቹ በየከብቱ ኋላ ይበተናሉ፤ የተማሩትንም ይረሱታል። አያቴም፣ “ልጆቹ ግማሽ ላይ ናቸው፤ እስከ በልግ ታገሡኝ፤ በልግ ሲገባ መድረስ ካቃተኝ ሌላ ሰው ፈልጉ” አሏቸው።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ እናቴ፣ አባየ በምን ሊሄዱ ነው ብላ ጠየቀች። አላህ ያውቃል አሉ። እኔ ይህን ቃል በቃል ወሰድኩት። አላህ የሚያውቀው ነገር በሳቸውም ጆሮ ገብቷል፣ ሌላ በቅሎ ልትመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለበቅሎዋ ስም ሁሉ አውጥቼ ነበር። ኅዳር ላይ አጎቴ ሰዒድ ከኮምቦልቻ በአይሱዙ መጣና ከጭነቱ ላይ አረንጓዴ ያገለገለ ሳይክል አወረደ። ለአባየ ነው አለ። ከኋላ ሌላ ነገር ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። መኪናው ሲሄድ እንባዬ መጣ።

እናቴ ሰዒድን ልትበላው ደረሰች። የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ሳይክል ምን ያደርግለታል ብላ ጮኸችበት። ሰዒድ ደግሞ ኮምቦልቻ ከርሳቸው የባሱ ሽማግሌ ሲነዱ አይቻለሁ፣ ጉልበት ያፍታታል አለ። አያቴ ሳይክሉን ዞሩት፤ ኮርቻውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ሙስበሃቸውን አውጥተው መሪው ላይ አሰሩት። እጅ ሁለት ብቻ ስለሆነ መንገድ ላይ መሪው ሲወዛወዝ ዚክሩን እሱ ራሱ ይቆጥርላቸዋል ብዬ አመንኩ። ለጓደኞቼም እንደዚያው ነገርኳቸው።

ያስተማሯቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ክርስቲያን ናቸው፤ ጎማ ሲለጥፉ ግን እንደኛው ቢስሚላሂ ይላሉ። በወጣትነታቸው ደሴ ሳይክል ያከራዩ ስለነበር በከተማው ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አርብ አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ኳስ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ ኮርቻውን ከኋላ እይዛለሁ፣ አያቴ ይወድቃሉ።

አወዳደቃቸው የበቅሎ ሰው አወዳደቅ ነበር። መጀመሪያ የግራ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ እንደ እርካብ አሳርፈው ሙሉ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። እርካብ ባለበት ይቆያል፤ ፔዳል ግን ዞሮ ይወርዳል። እንደ ምንም ወጥተው ትንሽ ከሄዱ ደግሞ ለማቆም ሲፈልጉ ፍሬኑን ረስተው መሪውን በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ይስባሉ። ጋሽ ደምሴ፣ “ሸህ፣ ልጓም አይደለም! ፍሬኑን ይያዙ!” እያሉ ከኋላ ይሮጣሉ። ከሁሉ የባሰው ግን ቀጥ ብለው አሥር እርምጃ ያህል የሄዱ ቀን ነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ስናይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሃያ ዓመት የለመዱት ነገር ነው፤ ኮርቻው ከተመቻቸው ዓይናቸው ይከደናል። የጎሉን እንጨት መትተው ቆሙ።

በአራተኛው አርብ እኔ ላይ ወደቁ። መሪውን ሲስቡት ሳይክሉ ተገለበጠና ከነርሳቸው ግራ እጄ ላይ አረፈ። አንጓዬ አበጠ። ወጌሻው ጎትቶ አስተካክሎ በሸምበቆ አሰረልኝና ሁለት ሳምንት እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከረምኩ። እናቴ ለአያቴ ምሳ ስታቀርብ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ነበር። እሳቸው በሚቀጥለው አርብ ኳስ ሜዳ አልወጡም፤ በሌላውም አልወጡም። ፈሩ ብዬ አሰብኩ። አያቴ የሚፈሩት ነገር አለ ብዬ አስቤ ስለማላውቅ በጣም አዘንኩባቸው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ቁርአን የሚጻፍባቸውን የእንጨት ሎሆችና የቀለሙን ጠርሙስ ሳይክሉ ኋላ ላይ አስረው ሲገፉት አየሁ። ዋንዛ በር ሊሄዱ ነው። እየገፉ ዋናውን መንገድ ይዘው፣ ባሕር ዛፉ ጋ ያለውን መታጠፊያ አልፈው ተሰወሩ። ከዐስር ሶላት በኋላ እየገፉ ተመለሱ። ቅዳሜም እንዲሁ። በዚያው ቀጠሉ።

እኔ ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አያቴ የሚገፉት ሰው እስከሚያያቸው ድረስ ነው። ሸህ ሰው ፊት መውደቅ አይሆንላቸውም። ከመታጠፊያው ወዲያ ሰው ስለሌለ ወጥተው ይነዳሉ። ማስረጃም ነበረኝ። አንድ ቀን እስከ ባሕር ዛፉ ሄጄ አቧራው ላይ የጎማውን መስመር አየሁ፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወላገድ ቁልቁል ወርዷል። መንገዱ ላይ የብዙ ሰው እግር ስለነበረ ሌላውን ልብ አላልኩም። ሌላም ማስረጃ ነበረኝ። ማታ እግራቸውን ሲታጠቡ ቀኝ ቅልጥማቸው ላይ ቁስልና ብልዝ አለ፤ አንዱ ሲሽር ሌላው ይወጣል። ከሳይክል ሲወድቁ ነው አልኩ። ይህን ሚስጥር ብቻዬን በማወቄ ኩራት ተሰማኝ።

ጀማል የሚባል የክፍሌ ልጅ ነበር። አፉ አያርፍም። ሸህ ሙሄ ሳይክሉን ለሽርሽር ነው የሚወስዱት፣ ሳይክሉ እንዳይደክመው ይገፉለታል እያለ ክፍሉን ያስቃል። አንድ ቀን ጥሬ ሽምብራ እየበላን ሳለ ይህንኑ ሲደግመው ትዕግስቴ አለቀ። ከመታጠፊያው ወዲያ ይነዳሉ፣ እንደ ንፋስ ነው የሚሄዱት አልኩት። አይተሻል? አለኝ። አይቻለሁ አልኩ። ወላሂ በይ አለ። ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

“ወላሂ፣ ሲነዱ በዓይኔ አይቻለሁ።”

ጀማል ሽምብራውን ይዞ ሄደ። ለአንድ ቀን ያህል ከተማው የኔ ሆነ። ወሬው በሳምንቱ ጋሽ ደምሴ ጋ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ጎማ ሊያስነፋ የመጣውን ሁሉ ይዘው፣ ሸህን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሰው እንዳያያቸው ነው እንጂ አሁን ይከንፋሉ ማለት ጀመሩ።

እኔን ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። መስመሩን አይቻለሁ፤ እሳቸውን አላየሁም። በአላህ ስም የዋሸ ምን እንደሚያገኘው አያቴ ራሳቸው በረንዳው ላይ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። እኔ እንደገባኝ ቅጣቱ እኔ ላይ አይደለም የሚያርፈው፤ የማልኩበት ሰው ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ አያቴ በለመዱት ሰዓት ሳይመለሱ ቀሩ። በረንዳው ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። በሐሰት ምዬ ገደልኳቸው አልኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አቧራ ለብሰው፣ እያነከሱ፣ እየገፉ መጡ። የዋንዛ በር አንዲት ልጅ የያሲንን ምዕራፍ ሳትጨርስ አልነሳም ብላ ነው ያስመሸችኝ አሉ። ያኔ ቆረጥኩ፤ ሲነዱ ማየት አለብኝ። ካየሁ መሐላው እውነት ይሆናል።

የጥር የትምህርት እረፍት ነበር። ቅዳሜ ጧት አብሬዎት ልሂድ ብዬ ለመንኳቸው። እናቴ አንገራገረች፣ እሳቸው ፈቀዱ። የቀለሙን ጠርሙስ እኔ ያዝኩ። ከተማውን ወጣን፣ ባሕር ዛፉ ጋ ደረስን፣ ታጠፍን። አሁን ይወጣሉ ብዬ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ። አልወጡም። ሜዳው ላይ ይሆናል አልኩ፤ ሜዳው አለቀ። ቁልቁለቱ ላይ ይሆናል አልኩ። ቁልቁለቱን አያቴ ሳይክሉን በቀኛቸው አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ኮርቻው ላይ ጥለው፣ በሌላው ፍሬኑን ጨብጠው፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ራሳቸውን ዝቅ፣ ዝቅ ያደርጋሉ። ፍሬኑን አሁን አይረሱትም። ሳይክሉ በተወዛወዘ ቁጥር ግራ ፔዳሉ ቀኝ ቅልጥማቸውን ይመታዋል። ኋላዬን ዞሬ አቧራውን አየሁ። የጎማው ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ከጎኑ፣ ሳይለየው፣ አንዱ ጠለቅ ሌላው ሳሳ ያለ የእግራቸው ዱካ አለ።

መንገዱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አያቴ ደንግጠው እግርሽን ነው ብለው ተመለሱ።

“አባየ፣ የት ላይ ነው የሚነዱት?”

“የት እነዳለሁ? ጉልበቴ ታጥፎ ፔዳል ይዞራል?”

“እኔኮ ሲነዱ አየሁ ብዬ ወላሂ ምያለሁ።”

ሳይክሉን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት አልሆነም። ያፈሩ መሰለኝ፤ ያኔ ግን አያት ልጅ ፊት ያፍራል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

“ወሬውን ሰምቻለሁ” አሉ። “ደምሴ መንገድ ላይ አቁሞ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። አይ፣ አልነዳም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ሰው ሸህ ሙሄ በዚህ ዕድሜው ሲለኝ ደስ አለኝ፣ ሉባባ። አንቺ ልጅ ነሽ፤ አይጻፍብሽም። የሚጻፈው የኔ ዝምታ ነው።”

አሁን ይንዱ፣ አንዴ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ፣ እውነት ይሁንልኝ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

“ዛሬ ብነዳ የዛሬው ነው እውነት የሚሆነው፤ የትናንቱ ውሸት እንደሆነ ይቀራል። ደግሞ እጅሽን ሰብሬ የተውኩትን ነገር አልጀምርም። ተነሺ፣ ልጆቹ ይጠብቁናል።”

ኳስ ሜዳውን የተዉት በኔ እጅ ምክንያት መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው። ፈሩ ብዬ ስንት ቀን አኩርፌያቸው ነበር። ከኋላቸው ተከተልኩ። በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ፣ ኮርቻው ላይ ይደገፋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ ይነሳሉ። ዋንዛ በር የደረስነው ከአራት ሰዓት በላይ ሄደን ነው። ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው፤ ዛፉ ሥር ሎሆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንም ስለ ሳይክሉ አልጠየቀም። አያቴ ውሃ ጠጥተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ባለፈው ካቆሙበት ቀጠሉ።

ስንመለስ ገበያው ገና አልተፈታም ነበር። ጋሽ ደምሴ ቤት ፊት ለፊት ሰው ሞልቷል፤ ጀማልና አባቱም አህያቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ደምሴ አያቴን እንዳዩ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው፣ ይኸው ተማሪየ መጣ፣ ከሳይክሉ የሚወርደው እዚያ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ነው ብለው ለሰው አስተዋወቋቸው። ሌላ ጊዜ አያቴ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ዛሬ ቆሙ። መሬት በተከፈተችና በዋጠችኝ አልኩ።

“ደምሴ፣ አልነዳም” አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “አንድ ቀንም ነድቼ አላውቅም። ከዚህ እስከ ዋንዛ በር ተደግፌው ነው የምሄድ። ልጅቱም አላየችኝም። ወሬው ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።”

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ ሊሞክር ነበር፣ ተወው። ጀማል እኔን አየኝ፤ እኔ እግሬን አየሁ። ጋሽ ደምሴ የረጠበ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ ተነሱ። ስንት ቀን የኮሩበት ነገር ሰው ፊት ፈረሰባቸው፤ ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው የአያቴን ቅልጥም አዩ። ከዚያ ፔዳሉን አዩ።

“ታዲያ ይህ ለምን ይመታዎታል?” አሉ።

ገብተው መፍቻ ቁልፍ ይዘው መጡ። ጀማል ፔዳሉን ልፍታው ብሎ ተቀበላቸውና በጉልበት ታገለ፤ አልንቀሳቀስ አለው። የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ነው ብለው ቁልፉን ወሰዱና ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው አላሉት። ቀሪውን በጣታቸው ፈቱ። የቀረውን ብረት ወደ ታች አዙረው እንዳይንቀሳቀስ በካላማዳሪያ ቁራጭ ጠፍረው አሰሩት። ኮርቻውን ደግሞ የአያቴ መዳፍ እስኪያርፍበት ድረስ ዝቅ አደረጉት። ፔዳሉን ለኔ ሰጡኝ። ግራሶው እጄን አጠቆረው። አያቴ ሳይክሉን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገው ሞከሩትና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸውልህ እንዲህ ነው የሚፈለገው አሉ።

እኔ ግን ፔዳሉን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። አሁን አለቀ፤ ሳይክሉን ማንም ሊነዳው አይችልም። ለካ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ቀን ይነዳሉ ብዬ ውስጤ እየጠበቀ ነበር።

ከእሑድ ጀምሮ አያቴ ሦስት ቀን ጾሙ። መሐላውን ለማካካስ ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም አሉኝ። እኔም እጾማለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። እሑድ እስከ እኩለ ቀኑ ዙህር ሶላት ቆየሁና እናቴ ቆሎ ስትሰጠኝ ተሸነፍኩ። ሰኞ ከዙህር ትንሽ አለፍኩ። ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነው፤ ዋንዛ በር። እናቴ ዛሬ እንኳ ይቅር፣ እየጾሙ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ይሆናል አለች። ልጆቹ ይጠብቃሉ አሉ። የቀለሙን ጠርሙስ ይዤ ተከተልኳቸው። ፔዳሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ የትምህርት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ቅልጥማቸውን የሚመታቸው ስለሌለ ከቅዳሜው ፈጠን ብለው ሄዱ። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ኮርቻው ላይ ተደግፈው አረፉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ቁልቁለቱን ትንሽ ካዩ በኋላ ወደኔ ዞሩ።

“ያ ፔዳል የት አለ?”

“ይዠዋለሁ፣ አባየ።”

“አትጣይው። ጉልበቴ የተሻለው ቀን መልሰን እናስገባዋለን።”

ከዚያ ፍሬኑን ጨበጡና መውረድ ጀመሩ።